የላላው ማህደር

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለዮናስ፤

ሞትህን የሰማሁት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሐሙስ ቀን ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ወደ ሕንጻችን ምድር ቤት ወርጄ ያንተን ሦስት የሥራ ሸሚዞች ማሽን ውስጥ ከትቻለሁ። ማሽኑ ሊጨርስ አርባ ደቂቃ ይቀረዋል። እህትህ ሊያ በሩን ከፍታ ገባች፣ ከኋላዋ ሁለት ፖሊሶች አሉ። እኔ የመሰለኝ የጎረቤት የማጠቢያ ተራ ተሳስቼ ወስጄ ተከስሼ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ነበር። በእኛ አገር መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ። በቀን ብርሃን፣ ማሽን እየዞረ፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች መርዶ ይዘው ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ሊያ ስትጮህ ነው የገባኝ። ፖሊሷ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ፣ ከዚያ ምን እንዳለችኝ አላስታውስም። የማስታውሰው ሸሚዞችህ መዞራቸውን ነው። ወደ ቤት እንውጣ ሲሉኝ ማሽኑ ይጨርስ አልኳቸው። ቆመው ጠበቁኝ። ሸሚዞቹን እርጥብ እንዳሉ አቅፌ ወጣሁ።

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። የሚመጣው ወር ሙት ዓመትህ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለዚያ ቀን በሚያወጧት መጽሔት ላይ ስለ አንተ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ነበር፣ ሠራ፣ ተማረ እያልኩ ስለ አንተ ለሌላ ሰው ማውራት አቃተኝ። ለአንተ ስጽፍ ግን እጄ ይታዘዘኛል። እንደምታውቀው ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስጽፍም ቀስ እያልኩ ነው። ይህን እስክጨርስ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ቤታችን ያው እዚህ ስዊድን፣ ኖርስቦሪ ነው፣ ያው አራተኛ ፎቅ። ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ሲደርስ ባዶውን የሚያሰማው ድምፅ ድሮ አይሰማኝም ነበር፣ አሁን ይሰማኛል። አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርኩ የምረዳበትን ሥራ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ጀመርኩ። ክፍልህን ሊያ ልትገባበት ፈልጋ ነበር፣ አንድ ቀን አልጋው ላይ ተቀምጣ አየችውና ተመልሳ ወጣች። ሸሚዞችህ ደርቀው ቁም ሣጥንህ ውስጥ ተሰቅለዋል። አልተኮስኳቸውም። አንተ ከማሽን የወጣውን ሸሚዝ እንዳለ ስትለብስ እየተጨቃጨቅን ነው የኖርነው፣ እንደፈለግህ ይሁን ብዬ ነው።

ሥራውን ስትጀምር ደስ እንዳላለኝ ታውቃለህ። "ሺድስቫክት ልሆን ነው" ስትለኝ ምን ማለት ነው አልኩህ። የመንግሥት ሕንጻ መጠበቅ ነው አልከኝ። "ዘበኛ በለኛ" አልኩህ። እኔ የማውቀው ዘበኛ የአባቴ ሰፈር ሰውዬ ነው፣ ትልቅ ካፖርት ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ በር ላይ የሚያንቀላፋ። "ማሚ፣ እኔ አላንቀላፋም" ብለህ ሳቅክብኝ። ሽጉጥ እንደምትታጠቅ የነገርከኝ ስልጠናውን ከጨረስክ በኋላ ነው። በግልጽ፣ ወገብህ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው። ያን ቀን የጸሎት መጽሐፌን ከነማህደሩ ሰጠሁህ። ቦርሳህ ውስጥ አድርገህ ትሄድ ነበር። እንደምታነበው እርግጠኛ አይደለሁም፣ መያዝህ ግን ይበቃኝ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ነገር ከንስሐ አባቴና ከእህትህ በቀር ለሰው አልተናገርኩም። ለአንተ ሳልነግርህ ሙት ዓመትህ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስልክ ስትደውልልኝ ስዊድንኛ አይፈቀድም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ በአማርኛ ስጠይቃችሁ በስዊድንኛ ስትመልሱልኝ ሰልችቶኝ፣ ቢያንስ ስልክ ላይ አልኩ። "ይሄ ሕግ ከስዊድን ፓርላማ ይከፋል" ትለኝ ነበር፣ ግን ታከብረው ነበር። ቃል ሲጠፋብህ ዝም ትላለህ፣ ስልክህ ላይ ስትፈልግ ይታወቀኛል፣ ከዚያ እኔ እንኳ የማላውቀውን ቃል ይዘህ ትመጣለህ። አንድ ጊዜ "አሳንሰሩ ቆሟል" ስትለኝ "እሱ ደግሞ ማነው?" ብዬሃለሁ። ሊፍቱን ማለትህ ኖሯል። ሁለታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ደወልክ። እኔ ከአንዲት አሮጊት ቤት ወጥቼ ወደ ሌላዋ የምሄድበት አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ትንሽ ዝም አልክ፣ ቃል እየፈለግህ እንደሆነ ገባኝ።

"ማሚ፣ ማህደሬ ላልቷል" አልከኝ።

ማህደር የሚለው ቃል ካንተ አፍ ሲወጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ማህደር ብዬ እኔ የማውቀው የጸሎት መጽሐፍ የሚገባበትን የቆዳ ከረጢት ነው። ያንን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ልጄ ያነባል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፣ ማህደሩ እስኪላላ መጽሐፉን እያወጣ ያስገባበታል ማለት ነው።

"የሌላ ሰው አውሰውኛል፣ አሮጌ ነው፣ እሱም አይይዝም። አዲሱ እስኪመጣ ነው" አልክ።

"የሰው ምን ያደርግልሃል? እሁድ ሥራ የለኝም፣ ያኔ አምጣልኝ፣ እኔ እሰፋልሃለሁ" አልኩህ።

ሳቅክ። "እሺ ማሚ፣ አንቺ ስፊልኝ" አልከኝ። ቀልድ መስሎህ እንደሆነ፣ ለማስረዳት ቃል አጥተህ እንደሆነ አሁንም አላውቅም። አውቶቡሱ ቆመ፣ ወረድኩ፣ ስልኩን ዘጋሁት። እስከ ሐሙስ ድረስ ላገኘኋት እናት ሁሉ ልጄ ስለ ጸሎት መጽሐፉ ማህደር ተጨንቆ ደወለልኝ እያልኩ አወራሁ። ክርም ገዛሁ፣ ወፍራም ቡናማ ክር። አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ።

ሐሙስ አንድ አእምሮው የታመመ ሰው ከኋላህ መጥቶ ሽጉጥህን ከወገብህ ነጥቆ እንደተኮሰብህ በኋላ የነገሩኝ ፖሊሶቹ ናቸው። እንዴት ሊነጥቅህ እንደቻለ ግን የገባኝ ቆይቶ ነው። ከቀብርህ አንድ ወር በኋላ የምርመራው ወረቀት መጣ፣ ሊያ እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልስልኝ ነበር። አንድ ቃል ላይ ቆመች። "ሆልስተር" አለች። ምንድነው አልኳት። በእጇ ወገቧን አሳየችኝ፣ ሽጉጥ የሚቀመጥበት። በአማርኛ ምን ይባላል አልኳት። ስልኳን አውጥታ ፈለገችና "ማህደር" አለችኝ። "የሽጉጥ ማህደር።"

ወረቀቱ ላይ የላላ ነበር ይላል።

ልጄ፣ ነግረኸኝ ነበር። ሽጉጤ አልያዝ ብሏል፣ የምታጠቀው ነገር ላልቶብኛል ብለህ ነግረኸኝ ነበር፣ እኔ ባወጣሁልህ ሕግ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት በፈለግኸው ቃል። በስዊድንኛ ሆልስተር ብትለኝ ቃሉን ስለማላውቀው እጠይቅህ ነበር። ማህደርን ስለማውቀው አልጠየቅሁህም። ንስሐ አባቴ አንቺ ብታውቂስ ምን ታደርጊ ነበር ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። እኔ ግን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። አትሂድ እልህ ነበር። ሐሙስ ቀን አሞኛል ብዬ አስቀርህ ነበር። አንተ ደግሞ አሞኛል ካልኩህ ትቀራለህ።

ከዚያ ወዲህ ቃል እፈራለሁ። ሰው አንድ ነገር ሲለኝ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል እያልኩ እፈራለሁ። የምረዳቸው አሮጊቶች ደህና ነኝ ሲሉኝ ሁለቴ እጠይቃለሁ፣ ይሰለቹኛል።

በዚህ ላይ እህትህ መጣች። መኸር ላይ አንተ በሠለጠንክበት ቦታ ስልጠና ገብታ ኖሯል። ለእኔ ኮርስ ነው እያለች። ከገና በፊት ጨርሳ ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወረቀቱን አገላበጥኩት፣ ሺድስቫክት የሚለውን ቃል አሁን ማንበብ እችላለሁ። አበድሽ ወይ አልኳት። ከዚህ ቤት አንድ አልበቃም ወይ አልኳት። እንደዚያ ማለቴ ይቆጨኛል።

ሊያን ታውቃታለህ፣ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። "ማሚ፣ ሥራው አልገደለውም። የላላ ማህደር ነው የገደለው" አለችኝ። ከዚያ ከዚህ የባሰ ነገር አለች። "የምታጠቀውን መርጬ ልወስድ ነው፣ ሦስት ዓይነት አለ። አብረሽኝ ነይ። አይተሽ ካመንሽው ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ካላመንሽው እቀራለሁ፣ ቃሌ ነው።"

ለምን እኔ ላይ ጣልሽው ብዬ ተቆጣኋት። እቀራለሁ ማለቷ ከመሄዷ በላይ አስፈራኝ። እምቢ ማለት ቀላል ነበር። እምቢ ብላት ግን ዕድሜ ልኳን እኔን እየጠበቀች ቤት ትቀመጣለች፣ ፊቷ ላይ አየሁት።

ስልጠናው ወደሚሰጥበት ወደ ሶለንቱና ሄድን። በቱነልባና ከተማ ድረስ፣ ከዚያ በፔንደልቶግ፣ በከተማ ዳርቻው ባቡር። በረዶ ነበር። አሰልጣኙ ሌናርት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ አንተንም ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው። እጄን ጨብጠው ቶሎ አልለቀቁኝም። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማህደር ተደርድሯል፣ አጠገባቸው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሽጉጥ፣ መለማመጃ። ጥይት የለውም፣ መተኮስም አይችልም። ቢሆንም ወንበሬን ራቅ አደረግሁ።

የመጀመሪያው ቆዳ ነው። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ስፌቱ ያማረ፣ ላዩ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚዘጋ ማሰሪያ አለው። አንድ ነገር ልንገርህና አትሳቅብኝ፣ እኔ የወደድኩት እሱን ነው። የጸሎት መጽሐፍህን ማህደር ይመስላል። ይሄ ጥሩ ነው አልኳት ሊያን። ሌናርት ሰማያዊውን ሽጉጥ ከተቱበት፣ ሊያ ወገቧ ላይ አሰረችው፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"ማሚ፣ አንቺ ንጠቂኝ" አለችኝ።

እጄን ብብቴ ውስጥ ደበቅሁ። ሌላ ሰው ይሞክር አልኩ። "ሌላ ሰው እንዳንቺ አይፈራልኝም፣ አንቺ ካልሞከርሽው አታምኚውም" አለች። እውነቷን ነው።

ሰው እንዴት እንደሚነጥቅ ከሥራዬ አውቃለሁ። የምረዳቸው አንድ ሽማግሌ አእምሯቸው ደክሟል፣ ልውጣ ስል ወገቤ ላይ ያለውን የቁልፍ እንጥልጥል ይይዛሉ። ወደ ላይ አይስቡም። ይጠመዝዙና በሙሉ ሰውነታቸው ወደ ኋላ ይወድቃሉ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። የማሰሪያው ቁልፍ ተፈታ፣ ሽጉጡ ወጣ። እጄ ውስጥ ነው። ሽጉጥ እጄ ውስጥ፣ የልጄ ጀርባ ፊት ለፊቴ።

ዮናስ፣ ያ ሰው የቆመበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። እንዲህ ቀላል ኖሯል እንዴ አልኩ በልቤ። ፕላስቲኩን መሬት ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ። ሊያ ውሃ አመጣችልኝ። ሌናርት ሽጉጡን አነሱ፣ ቆዳውን ከሊያ ወገብ አስፈትተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ሁለተኛ አላየሁትም።

ሁለተኛው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሽጉጡ ሲገባ ቀጭ ይላል፣ በአውራ ጣት ካልተጫኑት አይከፈትም። ሦስት ጊዜ ሳብኩት፣ እምቢ አለ። በአራተኛው አውራ ጣቴ ሳላስበው መክፈቻው ላይ አረፈ፣ ተከፈተ። እኔ ሳላውቀው ከከፈትኩት የሚያውቅ ሰውማ አልኩ። ሊያም ይሄም ይቅር አለች።

ሦስተኛው አስቀያሚ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ላዩ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ነገር አለው። ቆቡ በአንድ እንቅስቃሴ ይገፋል፣ ሌላ መቆለፊያ ደግሞ ከታች አለ፣ ሁለቱም ለታጣቂዋ እጅ እንጂ ከኋላ ለሚመጣ እጅ አይመቹም። ቀበቶውም ድርብ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚጣበቅ። ጠመዘዝኩት። ሳብኩት። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ሊያ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፣ "ማሚ፣ ልትጥይኝ ነው እኮ" እያለች ትስቃለች፣ እኔ እያለቀስኩ እስባለሁ። አልወጣም። ትከሻዬ እስኪያመኝ ሳብኩት፣ አልወጣም።

ከዚያ ራሷ ታውጣው አልኩ፣ በክረምት ጃኬት፣ በጓንት። ለሌላ ሰው የማይከፈት ለእሷም አልከፈት ቢላትስ? በጓንት መጀመሪያ ላይ አልቻለችም። ሌናርት ይህ በልምምድ የሚገኝ ነው አሉ፣ ደጋግመው አሠሯት፣ እኔ ቆሜ አየሁ፣ እጇ ሳታስብ እስኪያወጣው ድረስ። ጃኬቱ ቢሸፍነውስ፣ ሰው ባያየውስ ብዬ ለመንኳቸው። ጃኬቱ ከሸፈነው እጇ ይጠላለፍባታል አሉኝ። በግልጽ የሚያዝ ነገር ሁሉ ዓይን ያርፍበታል፣ ስለዚህ መያዣው ነው የሚያስተማምነው አሉ።

"ቀበቶው ላይ የያዘው ብሎን ቢላላስ?" አልኳቸው።

"ሁልጊዜ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ታየዋለች። ላልቶ ካገኘችው ያን ቀን ጥበቃ ላይ አትቆምም።" ቀጥለው "ዮናስም ይህን ያውቅ ነበር። ነግሮም ነበር። ያልሰማነው እኛ ነን" አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ።

እኔም አልሰማሁትም ልላቸው ፈልጌ ስዊድንኛው ጠፋኝ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሊያ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቁሩ ማህደር ጭኗ ላይ ነው፣ በከረጢት። ከተማ ልንደርስ ስንል ሂጂ አልኳት። አንድ ሕግ ግን አለ አልኳት። የድሮው ሕግ ቀርቷል። ስትደውይልኝ በፈለግሽው ቋንቋ ንገሪኝ። እኔ ደግሞ የገባኝ ቢመስለኝም እጠይቅሻለሁ፣ አትሰልቺ። እሺ ብላ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ ያመመኝ ትከሻ ላይ። ትከሻዬን አላሸሸሁትም።

ሰኞ ሥራ ገባች። ጠዋት ብሎኖቹን አንድ በአንድ ስትነካ በኩሽናው በር አየኋት። የጸሎት መጽሐፍህን ከነማህደሩ ሰጠኋት፣ ተቀበለችኝ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሦስት ቤት ሠርቻለሁ፣ የማንንም ፊት አላስታውስም። አውቶቡስ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት። ሊያ በስዊድንኛ አወራችኝ፣ በፍጥነት፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራ ጓደኛዋ፣ ስለ ምሳዋ። ልትዘጋ ስትል በአማርኛ "ማሚ፣ ማህደሩ አልላላም" አለችኝ።

"የቱ ማህደር?" አልኳት።

ቀስ ብላ መለሰችልኝ። "የሽጉጡ፣ ማሚ። የሽጉጡም አልላላም፣ የመጽሐፉም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።"

ልጄ፣ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ስልኬን አውጥቼ እይዘዋለሁ። ያቺን ማክሰኞ ግን አልረሳትም፣ ድምፅህን፣ ቃል ስትፈልግ ዝም ያልክባትን ትንሿን ጊዜ። በሕይወት እስካለሁ እዚያች ዝምታ ውስጥ እየገባሁ ምን ልትለኝ ነው ልጄ እያልኩ እጠይቅሃለሁ። ክሩንም አልጥለውም።

ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ንስሐ አባቴ ማህደር ማለት ማደሪያ ማለት ነው ብለው አስረድተውኛል። ልጄ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ጸሎት ላይ ስትቆሙ ስሙን ጥሩልኝ። ወልደ ሚካኤልን የማይላላ ማደሪያ ውስጥ አኑርልን ብላችሁ ለምኑልኝ።